ጨጓራዬ ላይ ያለችው ቀለበት

እሁድ፣ ኦክቶበር 15፣ ጠዋት

እንደገና ወጣ። የበላሁት ሁለት ማንኪያ እርጎ ነው። ደረቴ መሃል ቆመ፣ እንደ እንግዳ አመነታ፣ ተመለሰ። አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ቦርሳዬን አነሳሁ። ጌታሁን በር ላይ ምነው አለኝ። ምንም አልኩት። ባሌ ነው፣ ምንም እንዳልሆነ አላመነም። ግን አውቶቡስ ያመልጠዋል።

ከሰዓት በኋላ

ከሥራ ገባሁ። አንቺ መቼም ታውቂያለሽ፣ ማስታወሻዬ፤ ማዖኑ ውስጥ፣ የሕፃናት መዋያው ውስጥ ማለቴ ነው፣ የትንንሾቹ ክፍል የኔ ነው። ገና ጥርስ ያላበቀሉት። ዛሬ ዶሮና ካሮት ተፈጭቶ መጣ። አንድ ማንኪያ ለነሱ፣ ግማሽ ለኔ። እኔና እነሱ እኩዮች ሆነናል። ልዩነታችን እነሱ ሲያስመልሳቸው ሰው ጀርባቸውን መምታቱ ነው።

አዲስ ልጅ መጥታለች፣ ኖዓ። ከእናቷ ተለይታ አታውቅም። ታለቅሳለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔ ደረት ላይ ካልሆነ አትተኛም። ዱሮ ቢሆን ትራስ ነበርኩ። አሁን ጭንቅላቷ አጥንቴን ያገኘዋል። ትነቃና ቀና ብላ ታየኛለች። ይቅርታ የኔ እናት እላታለሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 17

ትናንት ሳላስመልስ ዋልኩ። ዳንኩ ብዬ ነበር። ዛሬ ባሰ።

ለራሴ አንዴ ልጻፈው፣ ነገሩ ከመነሻው እንዳይጠፋኝ። ቀለበቷን ከፋሲካ በፊት ነው ያስገባኋት። ጨጓራዬ አናት ላይ ለስላሳ ቀለበት አሰሩ። ከቆዳዬ ስር ትንሽ በር አላት፤ በዚያ በር በመርፌ ውሃ ሲጨምሩ ቀለበቷ ትጠብቃለች፣ ምግቡ በጥቂት በጥቂቱ ይወርዳል። በዕብራይስጥም ስሟ ቀለበት ነው፣ ታባዓት፣ ሙሽራ ጣት ላይ እንደምትገባው። ጌታሁን ያኔ እኔ ያሰርኩልሽ አልበቃ ብሎሽ ነው ወይ አለኝ።

ከጎንደር ስመጣ እንደ መቃ ነበርኩ። እዚህ ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጩ፣ ለስላሳው። ሰውነቴ ተዘረጋ። ከዚያ ስኳር መጣ። ከዚያ ጉልበቴ። ዶክተሩ በዚህ ከቀጠልሽ የስኳር መርፌ ነው አለ። ስለዚህ አሰርኩ። ሠራችም! ስኳሬ ወረደ። ደረጃ ስወጣ አላለከልክም። ሰፈራችን ሽኩና ሄ ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ መንገድ ላይ ያቆሙኛል፣ ምን በልተሽ ነው ይሉኛል። አለመብላት እንደሆነ ማን ይነግራቸዋል።

ባለፈው ወር ትንሽ አጠበቋት። ከዚያ ወዲህ ነው። ስተኛ ኮምጣጣ ነገር ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል፣ ያስለኛል። ቀን ደግሞ ደረቴ ላይ ጡጫ የሚያህል ነገር ይቀመጣል። ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ለምን? ይፍቷታል ብዬ። ከፈቷት ያቺ የድሮዋ ወፍራም ሴትዮ ትመለሳለች ብዬ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 19

ከሥራ በቀጥታ ወደ እማዬ። ሽኩና ቤት የሚባለው ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የመንግሥት ቤቷ። እንደተለመደው ከደረጃው ጀምሮ ይሸታል። ዶሮ ወጥ። እንጀራ ቀለበቷ አትወደውም፤ ደረት ላይ ይላቆጣል። ላልበላ ቆርጬ ነበር የገባሁት። እማዬ ግን ሳህን አትሰጥም፣ ታጎርሳለች። ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አንድ ያጣላል አለች፣ ሁለተኛውን ጠቀለለች።

መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈትኩ። ስወጣ እማዬ በሩ ጋ ቆማለች፣ ፎጣ ይዛ። ፎጣውን ሰጠችኝ፣ ወደ ኩሽና ሄደች። ድስቱን ስትከድን ሰማሁ።

እማዬ ስለ ቀለበቷ አታውቅም። ወንድሟ ጎንደር ሆስፒታል ለኦፕራስዮን ገብቶ ሬሳ ሆኖ ነው የወጣው። ቢላ የሚለውን ቃል እንኳ አትወድም። እኔ ከፋሲካ በፊት ለሥራ ሥልጠና ሄድኩ ብያት ሆስፒታል ተኛሁ።

አርብ፣ ኦክቶበር 20

ኦርሊ መጣች! ልጄ ከጦር ሰፈር፣ በአንድ ትከሻ ጠመንጃ፣ በሌላው ታጥቦ የማያውቅ ልብስ። ቤቱ ሞላ። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፣ አባቷ መሃል ሆኖ በሁለቱም ይሳሳታል።

ስስል ሰማችኝ። አይኗን አጥብባ አየችኝ። ቀለበቷን ስታስገቢ ያስተረጎምኩልሽ እኔ ነኝ፣ ዶ/ሩ ምን እንዳለ አስታውሳለሁ አለች። ማስመለስ ከበዛ፣ ማታ ሳል ከመጣ፣ ቀለበቷ ተንሸራታ ይሆናል፣ ቶሎ ኑ ብሏል። ጉንፋን ነው አልኳት። ኢማ! አለች። እማዬ ማለቷ ነው። እንደዚያ ስትል እናቴን ትመስላለች።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 21፣ ሻባት ከወጣ በኋላ

እማዬ ሻባትን፣ ሰንበቱን፣ እኛ ጋ ነበረች። ማዕድ ላይ አልበላችም። እኔን ነው የምታየው። ኦርሊ ስትቀልድ ሁላችን ስንስቅ እማዬ የእጄን አንጓ በሁለት ጣቷ ያዘች። ጣቶቿ ተገናኙ። ለቀቀችኝ።

አሁን ሄዳለች። ጌታሁን ሳህን እያጠበ ነገረኝ። ኩሽና ውስጥ ይዛው ነበር። አትደብቀኝ፣ ያ በሽታ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። የትኛው በሽታ እንደሆነ ስሙን አላነሳችም። በእኛ ሰው ዘንድ ሰው ሲከሳ የሚታሰበው አንድ ብቻ ነው። ጌታሁን አይደለም አላት፣ ማለላት። ባትመቸኝ ኖሮ ከልጄ ጋር አላጋባህም ነበር፣ ግን ዛሬ ዋሸኸኝ አለችው።

ንገሪያት አለኝ ጌታሁን። እንዴት ብዬ? ጎንደር ግቢው ውስጥ ወደዚህ አገር ለመምጣት ተራችንን ስንጠብቅ፣ ቀኑ ወር፣ ወሩ ዓመት ሲሆን፣ ለሰው የሚሰፈረው እህል አንድ ጣሳ ነበር። እማዬ እኔ ጠግቤያለሁ እያለች የሷን ለኔ ታዞር ነበር። ኦርሊን አጠባ ነበርና። ራሷ ሳትበላ ያበላችውን ሆድ እኔ በፈቃዴ አሳሰርኩት ብዬ እንዴት ልንገራት?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 26

በቅደም ተከተል ልሞክር።

ጠዋት፣ ማዖን። ስልክ። ሽኩና ሄ ካለችው ጤና ጣቢያ፣ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የምታስተረጉመዋ ልጅ ናት። እናትሽ እዚህ ናቸው አለች። ምን ሆነች? አልኩ። አይ፣ አልታመሙም፣ ግን አልሄድም ብለዋል፤ እጅጌያቸውን ጠቅልለው እጃቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል አለች።

እማዬ ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፍራ አታውቅም። ፊደል አታነብም፣ ዕብራይስጧ ሻሎም እና ቶዳ፣ ሰላምና ምስጋና፣ ነው። ተሳስታ ታሃና መርካዚት፣ ዋናው አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዳለች። እዚያ ካሉት ነጋዴዎች አማርኛ የሚችል አንዱን አግኝታ፣ እሱ ትክክለኛው አውቶቡስ ላይ አሳፈራት።

ማዖኑን አስፈቅጄ ሮጥኩ። ነጠላዋን ለብሳለች፣ ልብሷ የበዓል ልብሷ ነው። አስተርጓሚዋ ወደ ጎን ወስዳ ነገረችኝ። ደሜን ውሰዱና ለልጄ ስጧት ነው የሚሉት፤ አርጅቷል ግን ንጹሕ ነው ይላሉ፤ የእኛን ደም ትደፉታላችሁ፣ ለሌላ ሰው አትሰጡትም ሲባል ሰምቻለሁ፣ ለገዛ ልጄ ግን ይሆናል ይላሉ። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ አይኗን ጠራረገች።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ነገርኳት። ሁሉንም።

«አልታመምኩም እማዬ። ሆዴ ውስጥ ቀለበት አለ።»

«ማን አስገባብሽ?»

«ራሴ ነኝ። ዶክተር አስገባልኝ፣ እኔ ፈልጌ።»

አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ።

«ቀደዱሽ?»

«ትንሽ ቀዳዳ ነው፣ አሳይሻለሁ።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«ቤትሽ። ሥልጠና ነው ያልኩሽ ጊዜ።»

«ቢላ ስር ስትገቢ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ነበር ማለት ነው።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«እኔ ልቅሶሽን ተቀምጬ ነው የከረምኩት። በውስጤ። አንቺ ደግሞ ራብ ገዝተሽ መጣሽ።»

ቤቷ አደረስኳት። ግቢ አላለችኝም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 28፣ ሻባት ከወጣ በኋላ

ስልክ አታነሳም። ጌታሁን ሄደ፣ በሩን ከፈተችለት፣ ሻይ ሰጠችው፣ ስሜን አላነሳችም። ደህና ናት አለኝ። ደህና ናት ማለት ተቆጥታለች ማለት ነው።

ምንም አልበላሁም። አልተመኘሁምም።

እሁድ፣ ኦክቶበር 29

እማዬ በራችን ላይ! ድስት ታቅፋለች፣ በፎጣ ጠቅልላ። አጥሚት። ወለላ የመሰለ ቀጭን፣ በነጠላ ጫፍ የተጠለለ። ሰላም ሳትለኝ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ወደ ሆዴ እያየች ጠየቀች።

«ይቺ ቀለበት ምን ትወዳለች?»

ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ አንዱ ከሌላው አልተለየም። ቀጭን ነገር ትወዳለች አልኳት። ቀስ ብሎ የሚመጣ። ጉርሻ አትወድም። እሺ አለች፣ በማንኪያ ጫፍ ሰጠችኝ። ጠበቀች። ወረደ ወይ አለች። ወረደ። ሌላ ማንኪያ ጫፍ። እንዲህ ስናደርግ ፀሐይ ገባች።

ጠባሳዎቹንም አሳየኋት። በጣቷ ነካቻቸው። በማርያም! አለች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። በክርስትና ነው ያደገችው፣ እኛም እንደዚያው፤ አይሁድ ከሆንን ቆይቷል፣ ግን ስትደነግጥ የሚወጣት የልጅነቷ ቃል ነው። አምላክ ሁለቱንም ይሰማል አልኳት።

እሮብ፣ ኖቬምበር 1

አጥሚቱም አልወርድ አለ። እማዬ ይበልጥ አቀጠነችው። አልሆነም። ነገ ከነገ ወዲያ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ አልኳት። ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ አለች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 2፣ ሆስፒታል

በሌላ ወረቀት ነው የምጽፈው፣ በኋላ እለጥፈዋለሁ።

ጠዋት ውሃ እንኳ ተመለሰ። ሥራ ሄድኩ፣ ሞኝ። ኖዓን ታቅፌ እያለ ክፍሉ ዞረብኝ። መጀመሪያ እሷን አልጋዋ ውስጥ አስቀመጥኩ። ይሄን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን አልጋው እግር ላይ አስደግፌ። ከዚያ ሁሉም ነገር ሩቅ ሆነ። ኖዓ በፍርግርጉ መሃል እጇን አውጥታ ሻሼን ትጎትት ነበር።

ጌታሁን በታክሲ መጣ፣ በሥራ ልብሱ፣ ገበያው በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽበትን ሰደርያ ሳያወልቅ። ሚዩን፣ የድንገተኛ ክፍል። ግሉኮስ። ደም። ጥያቄ። ያቺን ትንሿን በር በጣት ፈለጉ፣ መርፌ ገባ፣ ውሃውን ከቀለበቷ ሳቡት። ሁሉንም።

ነርሷ በኩባያ ውሃ ሰጠችኝ። ቅመሺ አለች።

ወረደ። ማስታወሻዬ፣ ውሃ ወረደ! እንደ ምንጭ፣ ምንም ሳያግደው። ጌታሁን ፊቴን አይቶ ዞር አለ። ዛሬ ሁለት ነገር አየሁ፤ ውሃ እንዴት እንደሚጣፍጥና ባሌ ሲያለቅስ ጆሮው እንደሚቀላ።

አርብ፣ ኖቬምበር 3፣ ቤት

ትናንት ማታ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር አጠጥተው በራጅ አዩኝ። ተንሸራታለች። ቀለበቷ ከቦታዋ ወርዳለች፣ የጨጓራዬ ጫፍ በላይዋ ሾልኮ አብጧል። ዶ/ሩ በጊዜ መጣሽ አይባልም፣ ግን አልረፈደብሽም አለ። ብዘገይ ኖሮ ያ የሾለከው ክፍል ደም ሊያጥረው ይችል ነበር። አሁን ባዶ ሆና ትቆይ። አንዳንዴ በራሷ ትመለሳለች። ከስግድ በዓላችን በኋላ እንደገና እናያለን። ካልተመለሰች ኦፕራስዮን ነው።

እማዬ ሶፋው ላይ ነች። ልብሷን በፌስታል ይዛ መጣች። ስንት ቀን ትቆዪያለሽ አላልኳትም። አልነገረችኝም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 7

ቀለበቷ ባዶ ናት፣ ራቡ ተመለሰ። ምን ያህል ረስቼው ነበር! ዛሬ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ዳቦ በላሁ፣ ቅቤ የተቀባ፣ አንድ ሌላ አንድ። ሁሉም ወረደ። ደስ አለኝ፣ ከዚያ ፈራሁ። ያቺ ሴትዮ በሩ ላይ ቆማለች፣ ኮቷን ይዛ።

እማዬ አየችኝ። እንደ ዱሮ ብዪ ብዪ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ዳቦውን ከእጄ ወሰደች። ግማሹን እሷ በላች። ግማሹን መለሰችልኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 9

ጌታሁን ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ መጣ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ተነሺ አለኝ። እግር ጉዞ። ነርሷ በየቀኑ ትራመድ ብላዋለች፣ የሰማው እሱ ነው። ሕንፃዎቹን ዞርን። ሩሲያውያኑ አሮጊቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሰላም አሉን። እሱ ያነክሳል፣ እኔ እንመለስ አልለውም። አንዴ ክንዴን ያዘ። እዚህ አገር ከመጣን መንገድ ላይ ክንዴን ይዞ አያውቅም፣ ያፍራል። ምነው አልኩት። አስፋልቱ ይንሸራተታል አለ። ዝናብ የለም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 13

እማዬ ጋር ባቄላ ስንፈለፍል። በድንገት ስለ ግቢው አነሳች። አንስታው አታውቅም።

«ያኔ እርቦኝ ነበር» አለች። ባቄላውን ፈለፈለች። «ጠግቤያለሁ ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። አንጀቴ ይጮህ ነበር፣ እንዳትሰሚው እዘፍን ነበር።»

ሁሌ ስታበላኝ ታንጎራጉር እንደነበር ትዝ አለኝ። ደስታ መስሎኝ ኖሯል።

«አንቺም ሳበላሽ ጠገብኩ ትይኝ ነበር፣ ቧንቧ ከፍተሽ ታስመልሺ ነበር። እኔ ማንን ልቆጣ? ከኔ ነው የተማርሽው።»

ባቄላው አለቀ። ሁለታችንም ልጣጩን መፈለፈል ጀመርን።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 20፣ ስግድ፣ ማታ

ኢየሩሳሌም ሄደን መጣን። በአውቶቡስ፣ ከሽኩናው ሰው ጋር። ቄሶቹ በጃንጥላቸው ስር፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ አይን እስከሚያይ ድረስ። እማዬ ከአምናው የበለጠ ቀና ብላ ቆመች።

ሕዝቡ ሁሉ ጾሟል። እኔ ዶ/ሩ ከልክሎኛል፤ ውሃ እንዳይቋረጥ ብሏል። ያለፉትን ወራት በሙሉ ሰው ብዪ ሲለኝ የማልበላው እኔ፣ ሁሉ ሲጾም እኔ ብቻ ልጠጣ! አፈርኩ። እስከ ማብቂያው እታገሳለሁ አልኩ። ጉሮሮዬ ደረቀ። እማዬ ሳትናገር ወደ ጥግ ሳበችኝ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘረጋችና በላዬ ጣለችው። እንደ ድንኳን። ጠጪ አለች። ከውስጥ የጸሎቱ ድምፅ ይሰማል፣ ብርሃኑ በጨርቁ ነጭ ሆኖ ይገባል፣ ከንፈሯ ከጾሙ የተነሳ ተሰነጣጥቋል። ጠጣሁ። ማንም ቢያይ ሴትዮዋ ልጇን ታጠባለች ይላል።

እሮብ፣ ኖቬምበር 22

አልተመለሰችም። ራጁ ላይ ያው እንደተጋደመች ናት።

ኦርሊ ፈቃድ ወስዳ መጣች፣ በወታደር ልብስ። ዶ/ሩ ለሷ ነው የሚናገረው፣ እኔን እንደ ወንበሩ ያየኛል። ረጅም ይናገራል፣ ኦርሊ አጭር ትተረጉማለች። አየኋት፤ ከባዱን እየዘለለች ነው። ሊያስፈራኝ የሚችለውን ሁሉ። ትንሽ ልጅ ሆና ከት/ቤት የመጣ ወረቀት ስታነብልኝም እንዲሁ ታደርግ ነበር፣ ወቀሳውን ትዘል ነበር።

እጇን ያዝኩ። ቆይ አልኳት። በራሴ ዕብራይስጥ፣ በተሰበረው፣ ጠየቅኩት። ወደ ቦታዋ ብትመልሳት እንደገና ትንሸራተታለች? ሊሆን ይችላል አለ። ብታወጣትስ? ክብደቱ ሊመለስ ይችላል፣ ስኳሩም፤ ክትትል ያስፈልጋል፣ የምግብ ባለሙያ፣ እንቅስቃሴ፣ ምናልባት መድኃኒት። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ? ሳቅ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ። ሆዱ የአንቺ ነው አለኝ፤ ሁለቱም መንገድ ይኬድበታል፣ አስቢበትና ደውዪ።

ኮሪደሩ ላይ ኦርሊ በአማርኛ ተናገረች። ከስንት ጊዜ በኋላ። «እማዬ፣ ጎበዝ ነሽ።» አነጋገሯ እንደ ሕፃን ነው። አንገቷ ስር ሳምኳት።

አርብ፣ ኖቬምበር 24

ሁሉም ሐሳብ አለው። ኦርሊ ይመልሱልሽ ትላለች፤ ሰርታ ነበር፣ ስኳርሽ ወርዶ ነበር። እውነቷን ነው። እማዬ ሐሳብ የለኝም ትልና ኩሽና ውስጥ ለድስቱ ትናገራለች። ሁለተኛ ቢላ ነው የምትፈራው፣ በየትኛውም መንገድ ግን ቢላ አለ።

ጌታሁንን ጠየቅኩ። ጫማውን ፈታ። ከዚያ፣ ስትወፍሪ እኔ ግድግዳው ጋ ተለጥፌ እተኛለሁ፣ ስትከሺ መሃሉን አገኛለሁ፣ ሁለቱንም ለምጄዋለሁ አለ። የማልለምደው አንቺ ቁጭ ብለሽ ስትስዪ እኔ ጣራ እያየሁ መንጋቱን መጠበቅ ነው።

የሻባት ሻማ ለኮስኩ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 28

ማዖን። ኖዓ ቆመች! የአልጋዋን ፍርግርግ ይዛ፣ ጉልበቷ እየተብረከረከ፣ ሁላችንንም አየችን። አጨበጨብን፣ ደነገጠች፣ በቂጧ ወደቀች። አልቅሳ ተነሳች። እናቷ ስትመጣ አልነግራትም፤ ቤት ስታደርገው የመጀመሪያው ይምሰላት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 30

ደወልኩ። እኔ ራሴ፣ ማንም ሳያስተረጉምልኝ። ጸሐፊዋ ቀስ ብላ እንድትሰማኝ ጠየቅኋት። ምን ወሰንሽ አለች። ቶጺኡ ኦታ አልኩ፤ አውጧት። እርግጠኛ ነሽ አለች። አይደለሁም፣ ግን አውጧት አልኩ።

እፈራለሁ። ክብደቱ ይመለስ ይሆናል። ስኳሩም። መርፌም ልጀምር እችላለሁ። ይሁን። መርፌ ቢሆን የት እንደሚገባ አያለሁ። ከምግብ ባለሙያዋ ጋር ቀጠሮ ያዝኩ፣ አጥሚትና ሽሮ ምን እንደሆኑ አስረድቼ አስጻፍኳት። ቀለበቷን አልረግማትም። የሠራችልኝን ሠርታለች፤ እንደ ጥሩ ሠራተኛ ደክሟት ተቀመጠች።

እማዬ ሶፋው ላይ ሆና ሰማችኝ። ዕብራይስጡን አታውቅም፣ ድምፄን ግን ታውቃለች። መቼ ነው አለች። በሚቀጥለው ሳምንት፣ እሁድ። እኔም እገባለሁ አለች። ቢላው ያለበት ክፍል አያስገቡሽም አልኳት። በሩ ላይስ? በሩ ላይ ይቻላል። ወንበር አለ? አለ እማዬ፣ ብዙ ወንበር አለ።

ትንሽ አሰበች።

«ከወጣች በኋላ ይሰጡሻል?»

«ምኑን?»

«ቀለበቷን።»

«ምን ልታደርጊያት?»

«ላያት ነዋ። ልጄ ሆድ ውስጥ ከርማ እኔ መልኳን ሳላውቅ ልትጣል?»

ጌታሁን ከመኝታ ቤት ሳቀ። እጠይቃለሁ አልኳት። የዕብራይስጡን አረፍተ ነገር አሁን እያሰብኩ ነው፤ እባክዎ ዶክተር፣ እናቴ ልታያት ትፈልጋለች፣ አይጣሏት። አትጣሏት ነው ወይስ አይጣሏት? እስከ እሁድ አገኘዋለሁ።